የሚገለጠውና የሚሰወረው፦ ስለ ግል መረጃ የተደረገ ዲስኩር



ወንድ ልጅ በ40፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ሲጠመቁ የሚቀበሉትን የክርስትና ስም፥ ካህን ካልጠየቀ በቀር ለባዕድ ጆሮ እንዳይሰጥ እናቶቻችን ለረጅም ዘመን ተጠንቅቀው ኖረዋል፤ ምክንያታቸውም መተተኛ ስሙን ይዞ ክፉ እንዳይሠራበት መፍራት ነበር። የፍርሃታቸውን መሠረት መመርመር የዛሬው ነገራችን ባይሆንም፥ ሰው የራሱን ነገር ከፍሎ ገሚሱን ለአደባባይ መስጠቱ፥ ገሚሱን ለቤቱ ማስቀረቱ ለሕዝባችን እንግዳ ጠባይ እንዳልነበረ ልማዱ ይመሰክራል።

በፌስቡክ፥ በቴሌግራምና በቲክቶክ ራሱን የሚገልጥ የዘመናችን ሰው ግን፥ የልደቱን ቀን ለብቻው፥ የሰፈሩን ስም ለብቻው፥ የእናቱን ፎቶግራፍ ለብቻው እየመዘነ «ይህ ምን ይጎዳኛል?» ስለሚል፥ እያንዳንዱ ቀላል ሆኖ ይታየዋል። ጉዳቱ ግን የሚወለደው ከመገጣጠማቸው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1990ዎቹ ዓመታት፥ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት የመንግሥት ሠራተኞች የሕክምና መዝገብ ስማቸው ተፍቆ ለምርምር በተሰጠ ጊዜ፥ ላታኒያ ስዊኒ የተባለች ተማሪ የካምብሪጅን ከተማ የመራጮች መዝገብ በ20 ዶላር ገዝታ ከዚያ ጋር ብታስተያየው፥ የአገረ ገዥውን የዊልያም ዌልድን የሕክምና ታሪክ ለይታ አወጣች፤ ለዚህም የልደት ቀኑ፥ ጾታውና የሰፈሩ የፖስታ ቁጥር በቁ። በ2000 ባወጣችው ጥናትም ከ100 አሜሪካውያን 87ቱ በእነዚሁ በሦስቱ ብቻ ተለይተው ሊታወቁ እንደሚችሉ ገመተች።

በእኛ አገር ደግሞ ስማችን አባትንና አያትን አስከትሎ የሚጠራ በመሆኑ፥ ሌላ ሳንጨምር የዘር ሐረጋችንን ከፊል ገልጠናል። ስለዚህም አታላይ ደውሎ ከባንክ ነኝ ሲል፥ በሙሉ ስማችን ጠርቶ፥ መሥሪያ ቤታችንን አውስቶ፥ ባለፈው ሳምንት ስላረፉት ዘመዳችን «እግዜር ያጽናዎት» ብሎ ቢጀምር፥ የምሥጢር ቁጥራችንን በሚጠይቅበት ጊዜ ልባችን አስቀድሞ ተከፍቶለት ይገኛል። ይህን ሁሉ የነገርነው እኛው ነን። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ መረጃ ሰብሳቢዎችን በሕግ መግዛቱ የሚያስመሰግን ነው፤ ሆኖም በገዛ እጃችን የበተንነውን ከየሰዉ ስልክ ለቅሞ ሊመልስልን አይችልም።

እንግዲህ እኔ የማቀርበው መስፈርት ይህ ነው፤ የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይለወጣል፥ ስልክ ቁጥርም በብዙ ችግር ይለወጣል፤ የልደት ቀን፥ የእናት ስም፥ መልክና የጣት አሻራ ግን እስከ ሞት የሚከተሉን ናቸውና፥ ጥንቃቄያችን በእነዚህ ላይ ይጽና። ይልቁንም የሕፃናት ነገር ያሳዝነኛል፤ የትምህርት ቤቱ ስም በተጻፈበት የደንብ ልብስ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ለሺሕ ሰው የታየው ሕፃን ፈቃዱን አልተጠየቀም፥ ቢጠየቅም የሚፈቅደውን ለማወቅ ዕድሜው አልደረሰም።

መሰወር ሁሉ መልካም ነው ማለቴ ግን አይደለም። ለኩላሊት ሕመምተኛ ርዳታ ሲለመን፥ ችግሩ ካልተነገረ እጅ አይዘረጋም፤ በዚህ መንገድ የዳኑ ነፍሳትም አሉ። ነገር ግን የሐኪም ማስረጃው ገጽ በገጽ ከነካርድ ቁጥሩ መለጠፉ፥ በሽተኛውም አልጋ ላይ ደክሞ ሳለ ፎቶግራፍ መነሣቱ ለምጽዋቱ ግድ አይደለም። ለአደባባይ ስሙ፥ የሕመሙ ዓይነትና የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ ይበቃሉ፤ ማስረጃውን አስተባባሪዎቹ ለጠየቀ ሰው ለብቻው ያሳዩ፤ በሽተኛው ድኖ ሥራ በሚፈልግበት ቀን ቀጣሪው አስቀድሞ የሚያየው ያን የአልጋ ላይ ፎቶግራፍ እንዲሆን አንፍረድበት።