ከጓሮ ወደ ሚርፔሴት፦ የቅመም ቅጠላችንን በቤታችን እናብቅል
(በጊቫት ሃሞሬ ለማኅበራችን አባላት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ መሽካንታ ወይም ስለ ሥራ አይደለም። ስለ በሶብላ፣ ስለ ጤና አዳም፣ ስለ ድንብላልና ስለ ኮሰረት ነው። ጉዳዩ ትንሽ መስሎ ለሚታየው ሰው አንድ ነገር ላስታውስ። በ1984ና በ1985 በሱዳን በኩል፣ በ1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ወገናችን ሲመጣ ዘር ለመቋጠር ጊዜም ቦታም አልነበረም። አብሮን የመጣው ዕውቀቱ ነው፤ እርሱም በእናቶቻችንና በአባቶቻችን እጅ ነው ያለው። ዛሬ ብዙዎቹ ፎቅ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ፤ የልጅ ልጆቻቸው ግን በሶብላ ከሱቅ በፌስታል የሚመጣ ዱቄት ይመስላቸዋል። ሳያስተምሩን ካለፉ ዕውቀቱም አብሯቸው ያልፋል።

ከሁሉ አስቀድሞ የወቅቱን ነገር እንረዳ። በጎንደር ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ተክል የሚጠግበውም ያን ጊዜ ነው። እዚህ በኢይዝራኤል ሸለቆ ግን ዝናቡ በብርዱ ወራት ይመጣና በጋው ከዳር እስከ ዳር ደረቅ ነው። ስለዚህ በአገር ቤት ቀን መቁጠሪያ የዘራ ሰው ዘሩ ቢቀርበት ጥፋቱ የእጁ አይደለም። በዓሎቻችንን ምልክት ብናደርግ ይቀለናል። ብርድ የማይችለው በሶብላ ከፋሲካ በኋላ ይዘራል። ብርድ የሚወደው ድንብላል ደግሞ ከሱኮት እስከ ስግድ ባለው ጊዜ ይዘራል።

አሁን ወደየተክሉ ልሂድ።

በሶብላ። በየሱቁ «ሬሓን» እየተባለ የሚሸጠው የእርሱ ዘመድ ነው። ጎረቤቶቻችን አበባውን እየቀነጠሱ ቅጠሉን ብቻ ይበላሉ፤ እኛ ግን ለበርበሬና ለሽሮ የምንፈልገው አበባውን ከነዘሩ ስለሆነ እንዲያብብ እንተወው። ሲደርስ ከነአገዳው ቆርጣችሁ በጥላ ሥር አንጠልጥሉት። ፀሐይ ላይ የደረቀ ሽታው ይጠፋል።

ድንብላል። እዚህ ቅጠሉ «ኩስባራ» ይባላል። ሙቀት ሲመጣ ቶሎ ወደ ዘር ስለሚሄድ ቅጠሉን የሚፈልግ ሰው ያዝናል፤ እኛ ግን ፍሬውን ስለምንፈልግ ደስ ይበለን። ከሹክ የተገዛ ያልተቆላ ድንብላል ይበቅላል። አንዱ ፍሬ ሁለት ዘር ስለያዘ በእጅ አሸት አድርጎ ከፍሎ መዝራት ይሻላል።

ጤና አዳም። ቡናችን ያለ እርሱ ምን ቡና ነው? ይህ ተክል በዚህ አገር ተራሮችም ላይ ይበቅላል፤ ከሞሮኮ የመጡ ጎረቤቶቻችንም «ሩዳ» ብለው ያውቁታል። አንድ ዘንጎ ይዛችሁ በራቸውን ብታንኳኩ ጨዋታ ይከፈታል። ብዙ ውኃ አይወድም። ነገር ግን ጭማቂው ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፤ ስለዚህ ማታ ቁረጡት፣ እጃችሁንም ታጠቡ። ነፍሰ ጡር ሴቶች ይተዉት።

የጥብስ ቅጠልና ጦስኝ። የጥብስ ቅጠል፣ ማለት ሮዝመሪ፣ በየመንገዱ ዳር ተተክሏል፤ ሆኖም የመኪና ጭስና መድኃኒት ስለሚያርፍበት ከዚያ አትቁረጡ። አንድ ዘንግ አፈር ውስጥ ብትሰኩ ሥር ይሰዳል። የአገራችን ጦስኝ የደጋ ተክል ስለሆነ ለዚህ ሙቀት አይመችም፤ ዘመዱን «ቲሚን»ን ለሻይ እንጠቀምበት። ከተራራ እንለቅም ለምትሉም፣ ዘዓታር ከ1977 ጀምሮ በሕግ ጥበቃ ያለው ተክል መሆኑን ልንገራችሁ።

ኮሰረት። ይህ ከዘር ይልቅ ከግንዱ ተቆርጦ ቢተከል ይሻላል። ስለዚህ ያለው ሰው ለሌለው ይስጥ። ከኢትዮጵያ ዘርም ሆነ ችግኝ ያለ ግብርና ሚኒስቴር ፈቃድ በሻንጣ ማስገባት ክልክል ነው፤ ከእርሱ ጋር የተክል በሽታና ተባይ ስለሚገባ ነው።

ለመትከያ ከታች የተበሳ፣ አንድ ስንዝር ጥልቀት ያለው ማንኛውም ዕቃ ይበቃል። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ስትከቱ ደረቅ ከሆነ አጠጡ። ለሻባት ዓርብ ከመምሸቱ በፊት አጠጥታችሁ ግቡ። የሚቀጥለው የሽሚታ ዓመት በ2028 መስከረም ላይ ይጀምራል፤ ስለ ማሰሮ ተክል ቄሳችሁን ወይም ራባችሁን ጠይቁ።

ወደ ማጀት ስንመለስ፣ ሥጋና ወተት ስለማንቀላቅል ዶሮ ወጥ ላይ ንጥር ቅቤ አይገባም። በመሆኑም ዘይቱን እናንጥር። ለአንድ ሊትር ዘይት አንድ ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ ግማሽ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ደረቅ በሶብላ፣ አንድ ማንኪያ ኮሰረትና ጥቂት ኮረሪማ ጨምራችሁ፣ በለሰለሰ እሳት ሽንኩርቱ ወርቅ እስኪመስል አቆዩት። ከዚያም በጨርቅ አጥልሉት። ፓርቬ ስለሆነ ለዶሮውም ለሽሮውም ይሆናል። ነጭ ሽንኩርት የገባበት ዘይት ውጭ ሲቀመጥ መርዝ ሊያበጅ ስለሚችል ማቀዝቀዣ ውስጥ አድርጋችሁ በሳምንት ውስጥ ጨርሱት።

ይህ የጤናም ጉዳይ ነው። ወገናችን ወደዚህ ሲመጣ ስኳር በሽታ ብርቅ ነበር፤ ዓመታት ባለፉ ቁጥር ግን እየበዛ ሄዷል። «ጤና ብሪኡት» የተባለው ድርጅት በ1998 የተቋቋመው ስለ ጤና በራሳችን ቋንቋ ለማስተማር ነው። ቅጠል ስኳር በሽታን አይፈውስም፤ ኪኒናችሁን እንዳትተዉ። ነገር ግን ወጥ በቅመም ሲጣፍጥ ጨው ይቀነሳል፤ ለደም ግፊት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ተክሉን ለማየት ከወንበር መነሣትም ቀላል አይደለም።

በመጨረሻም የምጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ቤት ሦስት ማሰሮ ይትከል። ሁለተኛ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ዘር ያላችሁ አንድ ማንኪያ በወረቀት ጠቅልላችሁ፣ ስሙን በአማርኛም በዕብራይስጥም ጽፋችሁ አምጡ። ጽሕፈቱን ልጆቹ ይሥሩት፤ አያት ስሙን ትናገር፣ ልጅ ይጻፍ። አማርኛ የማይሰማ ልጅና ዕብራይስጥ የማትሰማ አያት በዚህ ይገናኛሉ። ሦስተኛ፣ ከሕንፃችሁ ቫዓድ ባይት ጋር ተነጋግራችሁ ደጁ ላይ አንድ መደብ ለጋራ ለምኑ። በቤርሳቤህ በካሊሸር መርካዝ ክሊታ የወገኖቻችን የጋራ አትክልት ቦታ ተሠርቶ ነበር፤ እኛም አያቅተንም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።