ለጥምቀት የለበሰችው ለጥምቀት ነው

(ከጥምቀት በዓል በፊት በሮብ ገበያ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)

የጸረ ኤድስ ክበባችሁ ሲጋብዘኝ «ደግሞ ስለ መታቀብና ስለ ኮንዶም ልትነግረን ነው» እንዳላችሁ አውቃለሁ። ዛሬ ግን የማወራችሁ ስለ ከተራና ስለ ጥምቀት ግርግር ነው። ጥር 10 እና 11 ደረሱ አይደል?

እኔ ነርስ ነኝ። ከዓመታት በፊት በሌላ ከተማ ስሠራ፣ ጥር 15 ቀን አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ መጣች። እንደ ብዙዎቻችሁ ቤት ተከራይታ፣ በገበያ ቀን ከገጠር በሚላክላት ስንቅ የምትማር ልጅ ነበረች። የጥምቀት ዕለት ታቦት ሸኝታ ስትመለስ ሁለት የምታውቃቸው ልጆች ጎትተው ወስደው ደፈሯት።

«ለምን እስካሁን ቆየሽ?» አልኳት።

«እነሱ ‹ማን አጊጠሽ ውጪ አለሽ?› አሉኝ። ሌላውም ሰው እንደዚያው የሚለኝ መሰለኝ» አለች።

አራት ቀን አልፎ ነበር። ድንገተኛውን የእርግዝና መከላከያ ሰጠኋት፤ ኤች አይ ቪ እንዳይይዛት የሚሰጠው መድኃኒት ግን ጊዜው አልፏል። እስክትመረመር ድረስ ወራት መጠበቅ ነበረባት፤ እኔም አብሬያት ጠበቅሁ። ውጤቱን አልነግራችሁም፣ ምስጢሩ የእሷ ነው።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይላል ያገራችን ሰው። ታዲያ ለበዓሉ የለበሰችውን ልጅ «እንዲነኳት ነው ያጌጠችው» ማለት ከየት መጣ? ሎሚ መወርወርም እኮ ያማረ ወግ ነው። የወረወረ መልስ ይጠብቃል። ትታው ከሄደች ጨዋታው አለቀ። ብታነሳውም ያነሳችው ሎሚ ነው!

ይህ የኛ ብቻ ጣጣ እንዳይመስላችሁ። በኒውዮርክ ከተማ የኮሚክ መጻሕፍትና የፊልም ወዳጆች የሚወዷቸውን ገጸ ባሕርያት መስለው እየለበሱ በየዓመቱ ይሰበሰባሉ። እዚያም ሴቶች እየተነካኩ ተቸገሩ። በ2014 እ.ኤ.አ. አዘጋጆቹ «አለባበስ ፈቃድ አይደለም» የሚል ማስታወቂያ አቆሙ፤ ፎቶ ለማንሳት እንኳ አስቀድማችሁ ጠይቁ ብለው።

ወንዶች ልጆች፣ እናንተን አጥፊ ናችሁ ልል አልመጣሁም። ግን በግርግር መሐል አንዱ ሲጎነትል ሌላው ይስቃል። ያ ሳቅ ነው የሚያደፋፍረው። አጠገቡ ያለ ጓደኛ «ተው፣ ልቀቃት» ቢል ብዙው ነገር እዚያው ይቆማል።

ሕጉንም እወቁት። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አስገድዶ መድፈርን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ይቀጣል። ተበዳይዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ከሆነች ወይም ወንዶች ተባብረው ከፈጸሙት እስከ 20 ዓመት ይደርሳል። በ1949ኙ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያመልጥ ነበር፤ አሁን ያ በር ተዘግቷል። ስለዚህ «ሽማግሌ ልከን በጋብቻ እንጨርሰው» የሚል ቢመጣ አትስሙት።

ክፉ ነገር ቢደርስባችሁ ወይም በጓደኛችሁ ቢደርስ፣ ገላ ሳትታጠቡ፣ ልብሱንም ሳታጥቡ በወረቀት ጠቅልላችሁ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ። የኤች አይ ቪ መከላከያው በሰዓታት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል፤ ከ72 ሰዓት ማለፍ የለበትም፤ የሚወሰደውም ለ28 ቀናት ነው። የእርግዝና መከላከያው እስከ 5 ቀን ይሠራል፤ እሱም ቢሆን ቶሎ ሲወሰድ ነው የሚሻለው። ቀኑ ካለፈም ኑ፤ ሌላ የሚታከም አለ። ብቻዋን መሄድ ያቃታትን ልጅ የምታምኑት መምህር ወይም ዘመድ ያድርሳት፤ «ለምን ወጣሽ?» የሚለውን ጥያቄ ግን ማንም አይጠይቃት።

ለከተራ ስትወጡ ስንት እንደሆናችሁ ቁጠሩ፤ ስትመለሱም ያንኑ ያህል ሁኑ። አንዷ ከጎደለች ሳታገኟት ቤት አትግቡ።

በሉ፣ ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ። በሰው ፊት መጠየቅ ያልፈለገ በወረቀት ጽፎ ከበሩ አጠገብ ባለው ሳጥን ይክተት፤ ስም መጻፍ አያስፈልግም።