ወገብና ወጌሻ

እሱ፦ አባቴ ቆቦ ላይ የማሽላ ጆንያ ከአይሱዙ ሲያወርዱ ወገባቸውን ያዛቸው። ከያዛቸው ዘንድሮ ስድስት ዓመት ሆነ። ጫማ ለማድረግ አሁንም መጀመሪያ ግድግዳ ይይዛሉ።

እሷ፦ ውይ፣ አብሽሩ በልልኝ! ወጌሻ አይተዋቸዋል?

እሱ፦ መጀመሪያ የሄዱት እዚያ ነው። ቅቤ ቀብተው አሿቸው፤ ያን ሌሊት እንቅልፍ ወሰዳቸው፣ ይህን አልክድም። ቀጥሎ ዋግምት፣ ከዚያም ሐርቡ ፍል ውሃ ድረስ ወረዱ። ሙቀቱ ጡንቻቸውን ያፍታታዋል፤ ቤት ሲገቡ ሕመሙ ይመለሳል።

እሷ፦ ብቻቸውን አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም 619 ሚሊዮን ሰው የወገብ ሕመም ነበረበት። እኔን የሚያስፈራኝ ከውድቀት በኋላ አጥንት መሰንጠቁ ሳይታወቅ ወገብ መጠምዘዙ ነው። ማሸት ሌላ፣ መጠምዘዝ ሌላ!

እሱ፦ እግር ከደነዘዘ ወይም ከዛለ፣ ሽንት እንቢ ካለ ወይም ካመለጠስ?

እሷ፦ እንዲያ ከሆነ ለነገ አይባልም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው። ያ ከሌለ ግን መተኛቱ ራሱ ወገብን ያደርቃል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት ከወገብ ሕመም ያገገሙ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። በባለሙያ ምክር አዘውትረው የተራመዱት ሕመሙ እስኪመለስባቸው 208 ቀን ቆዩ፤ ያን ምክር ያላገኙት 112። ደግሞ እርምጃ ገንዘብ አይጠይቅም።

እሱ፦ አባባም ጀምረዋል። ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ዱላቸውን ይዘው በማሽላው መሐል ወደ ጎሊና ወንዝ። ትናንት ሁለት ጊዜ ብቻ አረፉ።