ስለ ወፍራም መነጽር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በአንድ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በፊታችሁ የቆምሁት ስለ አንድ ትንሽ ዕቃ ልናገር ነው፤ ይኸውም አፍንጫዬ ላይ ያለው መነጽር ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ስለካ የዓይኔ ቁጥር ከዜሮ በታች 8 ሆነ። ይህ ማለት ያለ መነጽር ከ12 ሴንቲ ሜትር ተኩል የራቀውን አጥርቼ አላይም፤ ጥቁር ሰሌዳውማ ለእኔ ጥቁር ግድግዳ ነው። ሆኖም «የጠርሙስ ቂጥ» እየተባልሁ ስለተሳቀብኝ፥ አንድ ሙሉ ወሰነ ትምህርት መነጽሬን በቦርሳዬ ደብቄ ተማርሁ። ውጤቴን አባቴ ያውቁታል፤ እዚህ አልደግመውም።

በኋላ ቀጭን ሌንስ ፍለጋ ከኮልፌ ተነሥተን ወደ ከተማ ወረድን። አንድ ባለሱቅ፥ «ከሁሉ ውድ የሆነውን ባለ 1.74ቱን ካልገዛችሁ አይሆንም» አለን። አባቴ ዋጋውን ሰምተው ዝም አሉ። ያ ዝምታ ነው ነገሩን በሒሳብ እንድመረምር ያደረገኝ።

ቁጥሩ ብርሃን በሌንሱ ውስጥ ሲያልፍ ስንት እጥፍ እንደሚዘገይ ያመለክታል። ከፍ ባለ መጠን ሌንሱ ብርሃንን አብልጦ ይሰብራል፤ ስለዚህ ቀጭን ሆኖ ሥራውን ይሠራል። ተራው ፕላስቲክ 1.50 ነው። የዱሮው መስተዋት 1.52 ቢሆንም ክብደቱ የፕላስቲኩ እጥፍ ያህል ነው፤ ይሰበራልም። ፖሊካርቦኔት 1.59 ነው፤ ኳስ ቢመታው በቀላሉ አይሰበርም፥ ዳሩ ግን ቶሎ ይጫጫራል። ከዚያ 1.60፥ 1.67ና 1.74 ይከተላሉ።

የቅርቡን እንጂ የሩቁን ለማያይ ሰው የሚሠራ ሌንስ መሐሉ ቀጭን፥ ጠርዙ ወፍራም ነው። ለእኔ ቁጥር 7 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ሌንስ በ1.50 ቢሠራ፥ ጠርዙ ከመሐሉ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ይበልጣል፤ በ1.74 ቢሠራ 6 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል። ነገር ግን ስፋቱ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ፥ ያ ተራ ፕላስቲክ ራሱ ልዩነቱ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው! ውፍረቱ የሚያድገው ስፋቱ በራሱ ተባዝቶ ነውና። ስለዚህ በትንሽ ፍሬም ውስጥ ያለ ርካሽ ሌንስ፥ በትልቅ ፍሬም ውስጥ ካለ ውድ ሌንስ ይቀጥናል። ይህን ባለሱቁ አልነገረንም።

ደግሞም 1.74ቱ ያንጸባርቃል። ተራው በአንድ ገጹ 4 ከመቶውን ብርሃን ሲመልስ፥ እርሱ ከ7 ከመቶ በላይ ይመልሳል፤ ነጸብራቅ የሚከላከል ቅብ ካልተቀባ ያስቸግራል። በጠርዙ በኩል ሲያዩም የፊደሉ ዳር እንደ ቀስተ ደመና ሊቀለም ይችላል፤ ፖሊካርቦኔትና 1.67ም ይህ ጠባይ አላቸው። 1.60ው በዚህ ይሻላል።

እኔ ትንሽ ክብ ፍሬም ከ1.60 ሌንስ ጋር መረጥሁ፤ ልዩነቱ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ፍሬሙ የአያት ይመስላል ያላችሁኝ አላችሁ፤ ይሁን፥ ከአራተኛው ረድፍ ሰሌዳውን አነባለሁ። የዱሮውን መነጽሬን በኪሴ ይዤዋለሁ፤ ማነጻጸር የሚፈልግ ከንግግሩ በኋላ መጥቶ ይመልከት።