በበር ሳይሆን በድስት እንቁጠር
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የመጣችሁ እናቶቻችንና እህቶቻችን፣ ክቡራን ደጋፊዎቻችን፤

እኛ የሒሳብ ክፍል ሠራተኞች በየዓመቱ እዚህ ስንቆም ገቢና ወጪ እናነባለን። ዘንድሮ ሪፖርቱ ታትሞ በእጃችሁ ስላለ እሱን አንደግመውም። ዛሬ የምንናገረው ከገንዘብ በፊት ስለሚመጣ ቁጥር ነው፤ ስለ ሰው ቁጥር። ደጋፊዎቻችን በሚልኩልን ቅጽ ላይ ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ «በከተማችሁ ስንት ሕዝብ ይኖራል?» የሚል ነው። ቀላል ጥያቄ ይመስላል። እኛ ግን እዚያች ባዶ ቦታ ላይ ስንደርስ ሁልጊዜ እስክሪብቶ እንነክሳለን።

አስቀድመን ያለንበትን ቦታ እናስታውስ። ሰበታ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ፣ በጅማ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በወጨጫ ተራራ ግርጌ ትገኛለች። ወደ ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ የባቡር ሐዲድ የሚነሣውም ከእሷ ነው። ቡራዩ በስተምዕራብ በአምቦ መንገድ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ከፊሉ የሚቀዳበት የገፈርሳ ግድብ አጠገቧ ነው። ሱሉልታ ደግሞ በስተሰሜን እንጦጦን ተሻግረን በጎጃም መንገድ የምናገኛት ደጋ ናት። ብርዷንና በክረምት ውሃ የሚተኛበትን ሜዳዋን የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

የዝናባችን ውሃ እንኳ አንድ ቦታ አይሄድም። የሱሉልታው በሙገር አድርጎ ዓባይ ይገባል፤ የቡራዩና የሰበታው ወደ አዋሽ ይወርዳል። በመካከላችን አዲስ አበባ አለች። የሱሉልታዋ እህታችን የሰበታዋን ለማየት ታክሲ እየቀያየረች መሐል ከተማ ገብታ መውጣት አለባት። አንድ የሚያደርገን ሌላ ነገር ነው፤ ሦስቱም ከተሞች የቤት ኪራይ ከመሐል ከተማ ገፍቶ ያመጣው፣ ወይም ፋብሪካውና የአበባ እርሻው ከገጠር የጠራው ሰው የሚያርፍባቸው ናቸው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። በጥቅምት 1987 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሰበታ 14 ሺህ ያህል፣ ቡራዩ 10 ሺህ ያህል ሕዝብ ነበራቸው። በግንቦት 1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ሁለቱም ወደ 49 ሺህ ተጠጉ። በ12 ዓመት ከ7 ወር ውስጥ ሰበታ ከሦስት እጥፍ በላይ፣ ቡራዩ ደግሞ ወደ አምስት እጥፍ አደጉ ማለት ነው። የዚያ ዓመት ቆጠራ የመጨረሻው ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄዳል ቢልም፣ አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሞ እስካሁን አልተካሄደም። በዚያ ቆጠራ ጊዜ በጀርባ የታዘሉ ልጆች ዛሬ የራሳቸውን ልጅ አዝለዋል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከተሞቻችን ከሌሎች የዙሪያው ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ስለተጠቃለሉ፣ የድሮው ቁጥር የተቆጠረበት ወሰንም አሁን ያለው አይደለም።

በሌላው ዓለም ትንሿ መንደር እንኳ የራሷ ቁጥር አላት። በአሜሪካ ኔብራስካ ግዛት ሞኖዊ የምትባል መንደር አለች። በ2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በተደረገው ቆጠራ ነዋሪዋ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አንዲት አረጋዊት ሴት። ከንቲባዋም፣ ጸሐፊዋም፣ ገንዘብ ያዧም እሳቸው ነበሩ። እኛ ሒሳብ ሠራተኞች ይህን ስናነብ ስቀናል፤ ተቆጣጣሪውና ተቆጣጣሪዋ አንድ ሰው! ነገር ግን ሳቁ ሲያልፍ አንድ ነገር ታየን። እዚያ አንዲት ሴት ብቻዋን ብትኖር አገሯ ቆጥሮ መዝግቧታል። እኛ ጋ ግን በአንድ ግቢ ስድስት ሴቶች እየኖሩ አንድ ተብለው ይቆጠራሉ። ይህን ያደረገው ሌላ ማንም አይደለም፤ እኛው ነን።

እንዴት እንደሆነ በግልጽ እንናገር። የማኅበራችን መዝገብ የተዘጋጀው በቤት ቁጥር ነው። ያለፈው ፋሲካ ዘይትና ዱቄት በጅምላ ገዝተን ስናከፋፍል ለአንድ የቤት ቁጥር አንድ ድርሻ አልን። ወረቀቱ ላይ ሒሳቡ ልክ ነበር፤ የተገዛውና የወጣው ሳንቲም ሳይዛነፍ ገጠመ። ከዚያ ቡራዩ አንድ ግቢ ለማየት ሄድን። የውጭው በር አንድ፣ የቤት ቁጥሩ አንድ፣ ውስጡ ግን ስድስት ክፍል፣ በየደጃፉ ስድስት ከሰል ማንደጃ። አንዱን ድርሻ ስድስቱ ዘይቱን በቡና ሲኒ እየለኩ ሲካፈሉት ደረስን። አንዲት እናት ቀና ብለው፣ «ልጆቼ፣ በእናንተ ወረቀት እኔ እዚህ አልኖርም ማለት ነው?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ተመልሰን መዝገቡን ስንመረምር የባሰ አገኘን። የብድር ቅጻችን የቤት ቁጥርና የአከራይ ፊርማ ይጠይቃል። ብዙ አከራይ መፈረም አይወድም። ስለዚህ ተከራይዋ እህታችን በየሳምንቱ ትቆጥባለች፤ ስትበደር ግን ቅጹ አያሳልፋትም። ኪራይ ጨምሮባት ከሰበታ ወደ ዓለምገና ከሄደች ደግሞ በስሟ አንጻር «ለቃለች» ብለን እንጽፋለን። ገንዘቧ በእኛ ደብተር፣ እሷ ከደብተሩ ውጭ። ለኪሳራችን ሁሉ ምክንያት ስንፈልግ የኖርን ሰዎች ይህን ጉድለት በየትኛው ዓምድ እንደምንጽፈው አላወቅንም።

መፍትሔውን ከሩቅ አላመጣነውም። የአገራችን ቆጠራ ራሱ ቤተሰብ የሚለው በአንድ በር የሚገባውን ሁሉ አይደለም፤ አብሮ የሚኖረውንና ምግቡን በጋራ የሚያዘጋጀውን ነው። ብቻዋን የምትኖር፣ ለራሷ የምታበስል ሴትም አንድ ቤተሰብ ናት። እናቶቻችን በእድር ይህን ያውቁታል። ስለዚህ በበር ሳይሆን በድስት እንቁጠር እንላለን። ለጉባኤው ሦስት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በአባልነትና በብድር ቅጽ ላይ የቤት ቁጥርና የአከራይ ፊርማ ግዴታ መሆኑ ይቅርና፣ በሠፈሩ የሚኖሩ ሁለት አባላት ይመስክሩ። ሁለተኛ፣ መዝገቡ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመስከረምና በመጋቢት፣ በየግቢው እየተዞረ ይታደስ፤ ቤት የቀየረች ትዛወር እንጂ አትሰረዝ። ሦስተኛ፣ ለደጋፊዎቻችን በምንልከው ሪፖርት እኛ የቆጠርነው ቁጥርና ከሌላ የወሰድነው ቁጥር ለየብቻ ይጻፍ፤ የ1999ኙን ቁጥር የምንጠቅስ ከሆነም ዓመተ ምሕረቱ አብሮ ይቀመጥ።

ይህ ዋጋ እንዳለው አንደብቅም። ስማችሁ ከድሮም በመዝገቡ ያለ እናቶች፣ ድርሻ የሚቀበለው ሲበዛ ገንዘቡ አብሮ ካልበዛ የየአንዳንዳችሁ ድርሻ ያንሳል። ለብድር ተራ የምትጠብቁም ተራው ይረዝምባችኋል። ይህን አውቃችሁ እንድትወስኑ ነው ዛሬ የምንነግራችሁ። ክቡራን ደጋፊዎቻችን፣ በሚቀጥለው ሪፖርት የአባሎቻችን ቁጥር በድንገት ከፍ ብሎ ብታዩ የተጋነነ አይምሰላችሁ። እነዚያ ሴቶች ዱሮም ነበሩ፤ ያልነበረው ስማቸው ነው።

ከቡና በኋላ እጅ በማውጣት ድምፅ ይሰጣል። ተከራዮች የሆናችሁ፣ በቅጹ ምክንያት እስከ ዛሬ ሙሉ አባል ያልተባላችሁ፣ ከኋላ ቆማችሁ የምትሰሙን እህቶች አላችሁ። በደንባችን መሠረት ዛሬ ድምፅ መስጠት አትችሉም። የተቀመጣችሁ እናቶች እጃችሁን ከማንሣታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ዞር ብላችሁ እንድታዩዋቸው ብቻ እንለምናለን።