ከቤት ለሚወጣ ልጅ የሚሆን ስንቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ለዛሬ የምንነጋገርበት ትምህርት ከትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 1 የተወሰደ ነው። በዚያ እንደ ተጻፈው ዳንኤልና ሦስቱ ጓደኞቹ ገና ወጣቶች ሳሉ ከኢየሩሳሌም ወደ ባቢሎን ተወሰዱ። የከለዳውያንን ጽሕፈትና ቋንቋ 3 ዓመት እንዲማሩ ተወሰነባቸው፤ ስማቸው ተለወጠ፤ ምግባቸውም ከንጉሥ ማዕድ ታዘዘላቸው። አባትና እናት በሌሉበት፥ የቤተ መቅደሱ ጸሎት በማይሰማበት አገር ሆነው ትምህርታቸውን ፈጸሙ፤ አምላካቸውን ግን አልረሱም።

ይህን ታሪክ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በከሚሴ፥ በባቲ፥ በሰንበቴና በዙሪያቸው ባለው ገጠር የሚኖሩ ወላጆች በየዓመቱ ልጆቻቸውን ወደ ዩኒቨርሲቲ ይሸኛሉ። ምደባው የመንግሥት ስለ ሆነ አንዱ ልጅ ወደ ወሎ ዩኒቨርሲቲ፥ ወደ ደሴ ወይም ወደ ኮምቦልቻ ግቢ ይሄዳል፤ ሌላው ወደ ደብረ ብርሃን፥ ሌላውም ወደ ጅማ ወይም ወደ አርባ ምንጭ ይላካል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2015 ዓ.ም. ከመቶው 50 እና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 ተፈታኞች 4 እንኳ አይሞሉም ነበር። እንግዲህ በዚህ ጠባብ በር ያለፈ ልጅ ሻንጣውን ብቻ ተሸክሞ አይወጣም፤ የቤተ ሰቡን ተስፋ ሁሉ ተሸክሞ ይወጣል።

የሚለወጥበት ነገር ምንድር ነው? ልጁ በቤቱ ሳለ እናቱ ትቀሰቅሰዋለች፤ እንጀራው ተጋግሮ ይቆየዋል፤ ቢያመሽ የት ነበርህ የሚለው አለ። ጾም ሲገባ ቤቱ ሁሉ ስለሚጾም እርሱም ይጾማል፤ እሑድ ጧት ነጠላውን አጣፍቶ አባቱን ተከትሎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ግቢ በገባ ጊዜ ግን ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ይቀራል። ከማያውቃቸው ልጆች ጋር በተደራራቢ አልጋ ያድራል፤ ተሰልፎ ይመገባል፤ ልብሱን ራሱ ያጥባል። ቢተኛ የሚቀሰቅሰው፥ ቢያመሽ የሚጠይቀው፥ ቢበላ ቢጠጣ የሚቆጣው የለም። እስከዚያ ቀን የጾመው የቤቱን ጾም ይሁን ወይስ የራሱን ጾም፥ የጸለየው የእናቱን ጸሎት ይሁን ወይስ የራሱን ጸሎት፥ ያን ጊዜ ይታወቃል።

ዳንኤል ምን አደረገ? አስቀድሞ በልቡ ወሰነ። ከወሰነም በኋላ ከሹሙ ጋር አልተጣላም፤ በትሕትና ለምኖ 10 ቀን እንዲፈትኑት ጠየቀ እንጂ። ልጆቻችን ሆይ፤ ለእናንተም የመጀመሪያዎቹ 10 ቀኖች ታላቅ ነገር ናቸው። በእነዚያ ቀኖች የሄዳችሁበት መንገድ ልማድ ይሆናል። በመጀመሪያው ሳምንት ቤተ መጻሕፍቱን የፈለገ ተማሪ ቤተ መጻሕፍቱ መንገዱ ይሆናል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ጫት ቤቱንና መጠጥ ቤቱን የፈለገም መንገዱ ያው ይሆናል። ስለዚህ ዕቃችሁን ከፈታችሁ በኋላ ለግቢው ቅርብ የሆነውን ቤተ ክርስቲያን ጠይቁ፤ የንስሐ አባት ያዙ፤ ግቢ ጉባኤውን ፈልጉ። በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል የወጣ ስለ ሆነ፥ እንደ እናንተ ከቤታቸው ርቀው የሚማሩትን በየግቢ ጉባኤያቱ ይሰበስባል።

ለትምህርት ከቤት መውጣት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ13ኛው መቶ ዓመት አባታችን ተክለ ሃይማኖት ከትውልድ አገራቸው ከሸዋ ተነሥተው፥ በዚሁ በወሎ ምድር በሐይቅ እስጢፋኖስ ከአባ ኢየሱስ ሞአ ዘንድ ተምረዋል። ከዚያም ወዲህ ቅኔ የፈለገ ወደ ዋድላ፥ ድጓ የፈለገ ወደ ቤተልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ወደ ዙር አምባ፥ ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ በእግሩ ተጓዘ። እኛም በዚያው ሥርዐት ያደግን ስለ ሆነ፥ ማታ በጎጆ ውስጥ የእናት ናፍቆት እንዴት እንደሚከብድ እናውቃለን። የሚያጸናን ግን ሁለት ነገር ነበረ። አንደኛው፥ ቀኑ በሥርዐት የተከፈለ ነበረ፤ ለልመና ሰዓት አለው፥ ለቀጸላ ሰዓት አለው፥ ለጸሎትም ሰዓት አለው። ሁለተኛው፥ ተማሪው ብቻውን አልነበረም፤ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ በቆመበት ደጅ ሁሉ የሌላ ሰው እናት እንደ ልጇ አድርጋ ትቀበለው ነበረ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪም እነዚህ ሁለቱ ያስፈልጉታል። ጊዜውን ራሱ ይክፈል፤ ብቻውንም አይሁን። በግቢ አጠገብ የምትኖሩ ምእመናንም፥ በበዓል ቀን ወደ ቤቱ መድረስ ያልቻለውን ተማሪ ወደ ማዕዳችሁ ጥሩት።

ባስልዮስና ጎርጎርዮስም በ4ኛው መቶ ዓመት በአቴና አብረው በተማሩ ጊዜ፥ ከሁሉ አስቀድመው የሚያውቁት ሁለት መንገድ ብቻ እንደ ነበረ ጎርጎርዮስ ተናግሯል፤ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን፥ ሁለተኛው ወደ መምህራኖቻቸው የሚወስድ። በዚያች ከተማ ሌላ መንገድ ጠፍቶ አይደለም፤ እርስ በርሳቸው ስለ ተጠባበቁ ነው እንጂ። ባስልዮስም ኋላ ወጣቶችን ሲመክር፥ ንብ ከአበባው ሁሉ የሚጠቅማትን ወስዳ ሌላውን እንደምትተው እንዲሁ ከዓለም ትምህርት ጠቃሚውን እንዲወስዱ አስተማረ። ስለዚህ ትምህርትን አትፍሩ፤ ጓደኛን ግን ምረጡ።

በከሚሴ ያደጋችሁ ልጆች ሆይ፤ ሌላው ገና የሚማረውን እናንተ ከቤታችሁ ይዛችሁት ትወጣላችሁ። በገበያውም በሰፈሩም ኦሮምኛና አማርኛ ሲነገር እየሰማችሁ፥ ከሙስሊም ጎረቤታችሁ ጋር ኀዘንና ደስታ እየተካፈላችሁ አድጋችኋል። በማደሪያችሁም የሌላ ቋንቋ፥ የሌላ እምነት ልጅ ከእናንተ አልጋ በላይ ይተኛል። እርሱም እንደ እናንተ እናቱን ናፍቋል። በ2012 ዓ.ም. በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሣው ጠብ የተማሪዎች ሕይወት ጠፍቷል፤ ደብተር ይዘው ከቤት የወጡ ልጆች አስከሬናቸው ለወላጆቻቸው ተመለሰ። በእኛም አካባቢ በ2013 ዓ.ም. በተነሣው ግጭት፥ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ እስከ ከሚሴ በደረሰ ጊዜ፥ ስንቱ ቤት ኀዘን እንደ ገባው እናንተው አይታችኋል። እንግዲህ በቋንቋና በጎሣ ተሰብሰቡና ተነሡ የሚላችሁ ቢመጣ፥ ይህን ያየ ዐይን አይታለል። ሮጣችሁ ወደ ጠቡ አትግቡ፤ ይልቁንም የክፍል ጓደኛችሁን በር ዘግታችሁ ጠብቁት።

አሁን ደግሞ ወደ እናንተ ወደ ወላጆች እንመለሳለን። ልጃችሁን ስትሸኙ በሶና ቆሎ ትቋጥራላችሁ፤ ኋላም ገንዘብ በስልክ ትልካላችሁ። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን በስልክ ስትጠይቁት፥ ውጤትህ ስንት ነው ከማለታችሁ በፊት እንዴት አደርህ በሉት። በመጀመሪያው ዓመት ውጤቱ የሚወድቅ፥ ከትምህርትም የሚሰናበት ልጅ አለ። እንዲህ ያለው ልጅ ከሁሉ ይልቅ የሚፈራው የዩኒቨርሲቲውን ውሳኔ አይደለም፤ የአባቱን ፊት ነው። አፍሮ ወደ ቤቱ ሳይመለስ በማያውቀው ከተማ ቢቀር፥ የጠፋው ትምህርት ብቻ ሳይሆን ልጁ ራሱ ይሆናል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ያለው አባት ግን ልጁን ገና በሩቅ ሳለ አይቶ ሮጠ፤ ሒሳብ አልጠየቀውም። ያም ልጅ ሀብቱን በገዛ ጥፋቱ የበተነ ነበረ፤ የእናንተ ልጅ ግን ምናልባት ሲደክም የወደቀ ነው። እንግዲህ ዛሬ ሳይወድቅ በፊት ንገሩት፤ ልጄ ሆይ፥ ቢሳካልህም ባይሳካልህም ይህ ቤት ቤትህ ነው በሉት። ይህ ቃል ከቋጠራችሁለት ስንቅ ሁሉ ይበልጥ ይቆየዋል።

ዳንኤልን በባቢሎን የጠበቀ፥ ዮሴፍን በግብፅ ያልተወ አምላክ በየግቢው ያሉትን ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ ለወላጆችም ትዕግሥትን፥ ለአገራችንም ሰላምን ይስጥልን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፥ የአባታችን የተክለ ሃይማኖት ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።