በሴን ወንዝ ላይ ስላለው የሻቶ ጋያር ፍራሽ



በፈረንሳይ አገር፣ በኖርማንዲ ግዛት፣ ሴን የተባለው ታላቅ ወንዝ በሚጠመዘዝበት ስፍራ፣ ከወንዙ ወደ 90 ሜትር ከፍ ያለ ነጭ ገደል አለ። በዚህ አምባ ራስ ላይ ሻቶ ጋያር የሚባለው የግንብ ፍራሽ ይታያል።

ግንቡን ያሠራው የእንግሊዝ ንጉሥና የኖርማንዲ መስፍን የነበረው ሪቻርድ ልበ አንበሳ ነው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1196 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1198 ዓ.ም. ተፈጸመ፤ እንዲህ ያለ ሥራ በሁለት ዓመት ማለቁ እጅግ ያስደንቃል። የውስጠኛው ቅጥር ቀጥ ያለ አይደለም፤ የተወረወረበት ድንጋይ እንዲንሸራተት ተብሎ፣ ጎን ለጎን እንደ ተደረደሩ ግማሽ ክቦች ወደ ውጭ የተነፋ ነው። ሪቻርድ በ1199 ዓ.ም. ሲሞት ግንቡ ለወንድሙ ለዮሐንስ ተላለፈ።

በ1203 ዓ.ም. የፈረንሳይ ንጉሥ ፊልጶስ ዳግማዊ ግንቡን ከበበ። በገደሉ ግርጌ የነበሩት የመንደር ሰዎች ሸሽተው ወደ ውስጥ ገቡ። የግንቡ አዛዥ ሮጀር ደ ሌሲ በመጀመሪያ ተቀበላቸው፤ ኋላ ግን የወታደሩ ስንቅ እንዳያልቅበት ሠግቶ ያስወጣቸው ጀመር። በሁለት ጊዜ የወጡትን፣ በያንዳንዱ ጊዜ 500 ያህሉን፣ ፈረንሳዮች አሳለፏቸው። ፊልጶስ ይህን በሰማ ጊዜ ከለከለ፤ በግንቡ ውስጥ በላተኛ በበዛ መጠን ስንቁ ፈጥኖ ያልቃልና። የቀሩት በወጡ ጊዜ ከፊት ቀስት ተወረወረባቸው፤ ወደ ኋላ ቢመለሱ በሩ ተዘግቶ አገኙት። ወንድ፣ ሴት፣ ሽማግሌ፣ ሕፃን ሳይለይ፣ በብርድ ወራት በጕድጓዱና በገደሉ መካከል ሣርና የውሻ ሥጋ እየበሉ ተቀመጡ። በመጨረሻ ንጉሡ አዝኖ ምግብ እንዲሰጧቸውና እንዲለቀቁ አዘዘ፤ ብዙዎቹ ግን አስቀድመው ሞተው ነበር። ሮጀር ለጌታው ታማኝ ነበረ፤ ለተጠጉት ግን እንዲሁ አልሆነላቸውም።

ያ ሁሉ ስንቅ ቢቈጠብም ግንቡ በ1204 ዓ.ም. ተያዘ። ወደ ውስጠኛው በር የሚያስገባው ድልድይ ከዓለቱ የተጠረበ ነበርና፣ የፈረንሳይ ቈፋሪዎች ከሥሩ ተሸሽገው ግድግዳውን ሰረሰሩት። በዚያው ዓመት ኖርማንዲ ከእንግሊዝ ንጉሥ እጅ ወጣች።

በ1599 ዓ.ም. ንጉሥ ሄንሪ አራተኛ ግንቡ እንዲፈርስ አዘዘ፤ መነኮሳትም ድንጋዩን ለገዳማቸው ሥራ እንዲወስዱ ተፈቀደላቸው። ከ1862 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ጥበቃ ሥር ነው። ከግንቡ ብዙው ወርዷል፤ ከዓለቱ የተቈፈረው ጕድጓድ ግን ሊወሰድ የሚችል ድንጋይ ስላልነበረው ዛሬም በቦታው አለ።